ዱብሉቅ ላይ የዘጋነው የጭቃ ጉድጓድ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ነገሌ ላይ የሽኝት ምሳ አዘጋጁልኝ። አለቃችን ብድግ ብሎ፣ «እኅታችን ዕድሜዋን ሙሉ የቦረናን ውሃ ስትጠብቅ የኖረች ናት» አለና አስጨበጨበልኝ። እግዜር ይስጠው፣ በቅን ልቡ ነው ያለው። እኔ ግን ሳህኔን ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩ። ውሃ ጠበቀች ሲሉኝ ትዝ የሚለኝ ውሃ አይደለም፤ ዱብሉቅ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ያለ አንድ የጭቃ ጉድጓድ ነው። ባሌ «በሆድሽ ይዘሽው ከምትበሳጪ ጻፊው» ስላለኝ ይኸው ጀመርኩ።

የነገሌ ልጅ ነኝ። አባቴ የወንጌላውያን ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ እናቴ ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ነርስ ነበሩ። ቤታችን ሁለቱም ቋንቋ ይነገርበት ነበር፤ አባቴ የሚቆጣው በአማርኛ፣ የሚጸልየው በኦሮምኛ ነበር። ደርግ በወደቀ ማግስት የውሃ መሥሪያ ቤት የውሃ ጥራት የሚመረምር ሰው ይፈልጋል ሲባል፣ ኬሚስትሪ እወድ ነበርና አመለከትኩ። ቢሮው ማለት አንድ ጠረጴዛ፣ የማይዘጋ መስኮትና ገፍተው ካላስነሡት የማይነሣ መኪና ነበር። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ የመንግሥት ደመወዝ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ኤልያስ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። ውሃ ለመቅዳት በሄድንበት ቦታ ሁሉ የመመርመሪያ ሳጥናቸውን ቶሎ አይከፍቱም። መጀመሪያ የውሃውን ባለቤት ፈልገው፣ «አካም፣ ናጋ?» ብለው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀው፣ መልሱንም እስከ መጨረሻው ሰምተው ነው። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ። ፀሐዩ አናቴን ሲበሳኝ «ጋሼ፣ እንቅዳና እንሂድ እንጂ» እላለሁ። «ውሃው የት ይሄድብሻል?» ይሉኛል፣ ፈገግም ሳይሉ።

ጠርሙሱን እዚያው በሚቀዱት ውሃ ደጋግመው ያለቀልቁታል። ያለቀለቁበትን ግን ወደ ጉድጓዱ አይመልሱትም፤ ራቅ ብለው ሄደው ነው የሚደፉት። ከዚያ እስከ ግማሽ ቀድተው፣ ከድነው፣ ክፉኛ ይነቀንቁትና የመኪናው አፍንጫ ላይ ያቆሙታል። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩታል። ንጹሕ ውሃ ሲነቀነቅ የሚሠራው አረፋ ወዲያው ይፈነዳል። አረፋው ጠርሙሱ ውስጥ ከዘገየ ግን አንድ ነገር ገብቶበታል፤ ሳሙና ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። የመመርመሪያ ኬሚካሉን የሚያወጡት ይህን ካዩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ የሽማግሌ ልማድ ይመስለኝ ነበር። ኋላ እኔም ያለዚያ መሥራት አቃተኝ።

የመጀመሪያው የነዳጅ ሥራችን እዚያው ነገሌ ነበር። የጄኔሬተር ቤት በርሜል ሲያንጠባጥብ ከርሞ የሰፈሩ ጉድጓድ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ። ሴቶቹ ጥፋቱ የጄሪካኑ መስሏቸው ጄሪካናቸውን በአመድ ሲፈትጉ ሰነበቱ። ጋሽ ኤልያስ ከጉድጓዱ በላይ በኩል ቦይ አስቆፈሩ፤ ከቦዩ ጫፍ በአፈር ትንሽ ግድብ ደለደሉና ቧንቧ ቀበሩበት። ብልሃቱ ቧንቧው ላይ ነው። ከግድቡ በላይ ያለው አፉ ወደ ታች ታጥፎ ውሃው ውስጥ ይጠልቃል። ናፍጣው ላይ ላዩን ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ውሃው ከሥር በቧንቧው ያልፋል። የተንሳፈፈውን በአሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ እየነከርን አነሣነው፤ ብርድ ልብሱን በርሜል ላይ እንጨምቀዋለን፣ ደግመን እንዘረጋዋለን። ቤት ስገባ እናቴ ደጅ አስቁማ ልብሴን አስወለቀችኝ። «የፈሰሰውን ተከተይ» ነበር ያን ሰሞን ጋሽ ኤልያስ የሚደጋግሙልኝ። «ቁልቁለቱን ይዘሽ ተከተይ፤ የት እንደገባ ሳታዪ ጨረስኩ አትበይ።»

ከነገሌ ወደ ሜጋ ተዛወርኩ። ሜጋ ላይ ሥራዬ ከጋራዦች ጋር መጣላት ነበር፤ የተቃጠለ ዘይት ጎርፍ መውረጃ ውስጥ ይደፉ ነበርና። አለቃዬ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነበር። ዘይቱ ደጅ ሲፈስ እኛ አዳራሽ ገብተን ስለ ዘይት እንሰበሰባለን። ቡሌ ሆራ ደግሞ የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ወንዝ እንዳይገባ ጉድጓድ ማስቆፈር ነበር። እዚያ ያገኘሁት አለቃ ዝምተኛ ነበር፤ ግን ባለቡናዎቹ ሲጮኹብኝ መጥቶ ከፊቴ ይቆማል። እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም። በዚህ መሐል አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጸጉሬም መሸበት ጀመረ። ጋሽ ኤልያስም ጡረታ ወጥተው ነገሌ ቤታቸው ተቀመጡ።

እንግዲህ ዱብሉቅ። የዱብሉቅን ኤላ ላላየ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ኤላ ማለት በቦረና ቋንቋ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ቀደምቶች በእጃቸው የቆፈሩት። ጎልማሶች ከታች እስከ ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ይቆሙና እየዘፈኑ ውሃውን በባልዲ ይቀባበላሉ። የላይኛው ሰው ከብቱ የሚጠጣበት ገንዳ ላይ ይገለብጠዋል። ገንዳው ናኒጋ ይባላል፤ ከጭቃ የተሠራ ነው። ጭቃ ስለሆነ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ከብቱ ከመድረሱ በፊት በአዲስ ጭቃ ይለሰናል። ዓመት ካመት ሲለሰን የኖረ ገንዳ ግድግዳው ይወፍራል። የትኛው ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስነው ሰው አባ ሄሬጋ ነው። እሱ ተራ ከሰጠ ሰጠ ነው፤ ባለሥልጣንም ቢሆን አይሽረውም።

ቦና፣ ያ ረጅሙ የደረቅ ወቅት፣ ሊገባ ሲል አንድ ቦቴ መኪና ከኤላው በላይ አስፋልቱ ላይ ተገልብጦ ተቃጠለ። ሾፌሩ በመስኮት ዘሎ ተረፈ። ከአንድ የነዳጅ ማከማቻ የእሳት አደጋ መኪና መጥታ ነጭ አረፋ ለቀቀችበት። ስንደርስ እሳቱ ጠፍቷል፤ አረፋው አስፋልቱን አቋርጦ እስከ ማዶው ሜዳ ድረስ ተኝቷል። ልጆች በእጃቸው እያፈሱ ይጫወቱበት ነበር፤ ጮኼ አባረርኳቸው። በማግስቱ ነፋሱና ፀሐዩ አደረቁት። መሬቱ ላይ አንድም ምልክት አልቀረም።

ናፍጣው ግን ይታይ ነበር። በኤላው በኩል ባለው ቦይ ጥቁር ሆኖ ወርዷል። የዚያን ጊዜው አለቃዬ የጋሽ ኤልያስን ስም ሰምቶ ያውቅ ነበርና ከጡረታቸው አስጠራልኝ። ከመኪና ሲወርዱ ከስተዋል፤ ባርኔጣቸው ሰፍቷቸዋል። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ባለቤቱን ጠየቁ።

ባለቤቱ አባ ሄሬጋ ጃርሶ ነበሩ። ጠና ያሉ፣ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ፣ ሲናገሩ በትራቸው ላይ የሚደገፉ ሰው ናቸው። ኤላውን ዘግተነዋል፤ ከብታቸው ለጊዜው በሌላ ጎሳ ኤላ ነበር የሚጠጣው። ሰላምታው ሲያልቅ እንዲህ አሉ፦

«ኤላው የኔ አይደለም፣ የጎሳው ነው። እኔ ጠባቂ ነኝ። በሰው ኤላ ተራህ ከሁሉም ኋላ ነው፤ ይሰጡሃል፣ ግን ኋላ ነው። አሁን ሣር አለ፣ ከብቱ ይጠብቃል። ቦና ከገባ አይጠብቅም። ከዚያ በፊት ስጡኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«እንሰጥዎታለን አባቴ» አሉ ጋሽ ኤልያስ። በሕይወታቸው ሥራ ሳይጀምሩ ቃል ሲሰጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሠራን ብቻ ማለት አይበቃም። ጥቁሩን አፈር እስከ ነጩ ድረስ እየቆፈርን፣ ፕላስቲክ ላይ እየከመርን፣ በጭነት መኪና አስወጣነው። ቦዩ ላይ ግድብና የታጠፈ ቧንቧ ደረደርን። ጆንያ በሰጋቱራ ሞልተን ናፍጣው የሚያልፍበት ሁሉ አጋደምን። ጋሽ ኤልያስ በየማለዳው ወደ ኤላው የሚወርደውን መተላለፊያ በባዶ እግራቸው ወርደው ውሃ ይቀዳሉ፣ ይነቀንቃሉ፣ ያሸታሉ። አንድ ቀን ጠርሙሱን ሰጡኝና «እስቲ አንቺ በይ» አሉኝ። አረፋው ወዲያው ፈነዳ። ሽታ የለም። በመሣሪያም መረመርነው። ናፍጣው ኤላው ውስጥ አልገባም ነበር። ያን ዕለት አቅፌ ሳምኳቸው፤ እሳቸው አፍረው ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

ኤላው የሚከፈትበት ቀን ሕዝቡ ከየአቅጣጫው መጣ። ወጣቶች ናኒጋውን ሊለስኑ ጭቃ ይዘው ከአስፋልቱ ማዶ ተመለሱ፤ ጭቃ ማውጫቸው እዚያ ነው። ሌላ ጊዜ በዚህ ወቅት ድንጋይ የሆነውን አፈር ፈልፍለው፣ ውሃ ጨምረው፣ በእግራቸው ረግጠው ነው የሚያቦኩት። ዘንድሮ ግን የጭቃው ጉድጓድ ከሥሩ ርሶ ጠበቃቸው። አንዱ ጭቃውን ከትከሻው እያወረደ፣ «የእሳት መኪናዋ ለናኒጋውም አቡክታልን ሄደች!» ብሎ አሳቀን። እኔም ከነሱ ጋር ሳቅሁ። ጋሽ ኤልያስም ፈገግ አሉ።

ዘፈኑ ተጀመረ። ባልዲው ከእጅ እጅ ወጣ። አባ ጃርሶ የመጀመሪያዎቹን ላሞች ጠሩ። ውሃው ናኒጋው ላይ ሲገለበጥ ነጭ አረፋ ዳር ዳሩን ያዘ። ከከፍታ ሲገለበጥ ነው ብዬ አሰብኩ። ውሃው ረጋ፤ አረፋው ግን አልጠፋም። ላሞቹ አፍንጫቸውን ነክረው እየጠጡ ነበር። ጋሽ ኤልያስ ወደ ገንዳው ጎንበስ አሉ፣ በእፍኛቸው ቀዱ፣ አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አቁሙ» አሉ። ድምፃቸው አልወጣም። እኔ በአማርኛም በኦሮምኛም ደገምኩላቸው፦ «አቁሙ! ዳባ!»

ዘፈኑ ቆመ። ከኋላ ውሃ የሸተተው ከብት ይገፋል፣ ይጮኻል። የጠማውን ከብት ከውሃ ፊት መመለስ ምን እንደሆነ እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። አባ ጃርሶ በትራቸውን ይዘው መጡ።

«ንጹሕ ነው አላላችሁም?» አሉ፣ እኔን ሳይሆን ጋሽ ኤልያስን እያዩ።

«ውሃው ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ለምን አቆማችሁት?»

ጋሽ ኤልያስ ገንዳውን ያዩታል፣ ኤላውን ያዩታል። ጠርሙስ ይዤ ሮጥኩ። ከባልዲው የቀዳሁት አረፋው ወዲያው ጠፋ። ከናኒጋው የቀዳሁት እንደ ሳሙና ውሃ ጠርሙሱን ሞላው። ያን ጊዜ ነው ዓይኔ ጭቃው ላይ ያረፈው፣ ከጭቃው ወደ አስፋልቱ ማዶ። እኛ ቁልቁለቱን ተከትለን ነበር የሠራነው። ጭቃ በሰው ትከሻ ላይ ተጭኖ ሽቅብ ወደ ውሃው እንደሚመጣ ማንኛችንም አላሰብንም። ቦረናዎቹ የእሳት አረፋው ጉድጓዱን ስላራሰላቸው ተደሰቱ፤ እኛ አረፋው ስለማይሸት ረሳነው።

ለአባ ጃርሶ ነገሩን በኦሮምኛ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ከብቱ ዞረው እጃቸውን አነሡና እንዲመለስ አዘዙ። ሴቶች አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ጋሽ ኤልያስ መሬት ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ፣ «ቃል ሰጠኋቸው እኮ» ብቻ አሉኝ።

ናኒጋው መፍረስ ነበረበት። አዲሱን ልስን ብቻ ልጠን ብንተወውስ ብዬ ሞከርኩ፤ ከሥሩ ያለው አሮጌ ጭቃም አረፋውን ጠጥቶታል። ያን ገንዳ የአባ ጃርሶ አባት ለስነውታል፣ አያታቸውም ለስነውታል። እኛ ሠራተኛ አምጥተን ልናፈርስ ስንል እሳቸው ከለከሉ። ዶማውን ከሰውየው እጅ ወስደው ራሳቸው መቱት፤ የመጀመሪያው ጓል ሲወድቅ አንድ ነገር በኦሮምኛ አጉተመተሙ፣ ጸሎት ይመስለኛል። ከዚያ ጎልማሶቹ ተቀበሏቸው። ፍርስራሹን በፕላስቲክ ጠቅልለን አወጣነው። አዲስ ጭቃ የሰጣቸው በሰው ኤላ ከኋላ ሲያሰልፋቸው የነበረው ጎሳ ነው፤ በአህያ ከሩቅ አመጡት። ከአዲሱ ናኒጋ ቀድተን ከነቀነቅን በኋላ ኤላው ተከፈተ። ግን ቦና ገብቶ ነበር። እስከዚያ ድረስ ከሰው ኤላ ሲመላለሱ መንገድ ላይ የቀሩ ላሞች ነበሩ፣ ጥጆችም። አባ ጃርሶ ስማቸውን ያውቃሉ፤ አንድም ቀን አላነሡብኝም። ቢያነሡብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ኤልያስ ከዚያ በኋላ ዱብሉቅ አልመጡም። ስጠይቃቸው ኤላው ተከፈተ ወይ ይላሉ፣ ተከፍቷል እላቸዋለሁ፣ ይመስገን ይላሉ፤ ደግሞ በሌላ ጊዜ ይኸንኑ ይጠይቁኛል። ነገሌ ላይ ቀበርናቸው። ሲያስተምሩኝ ከኖሩት ሁሉ ያቺ አንድ ስሕተት በዛችባቸው፤ ይኼ ያናድደኛል፣ ዛሬም ያናድደኛል።

የቀረው የጭቃው ጉድጓድ ነበር። ናሙናው አዲስ አበባ ሄደ፣ ከዚያም ውጭ አገር ተላከ፤ መልሱ ቆይቶ መጣ። ያ አረፋ የተሠራበት ነገር አፈሩ ውስጥ አለ፤ ፀሐይ አያፈርሰውም፣ ዝናብ ገፍቶ ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም። ቆፍሮ ማውጣት የሚባል ነገር አቅማችን አልነበረም፤ ጉድጓዱ ሰፊ ነው፣ አረፋውም ርቆ ገብቷል። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶ ነው። «ለጊዜው ታግዷል ብለሽ ንገሪያቸው። ሰሌዳም እንተክላለን» አለኝ።

ሰሌዳውን ይዤ ሄድኩ። አባ ጃርሶ ከጉድጓዱ ዳር ቆመው ስንተክል አዩ።

«ምን ይላል?» አሉ።

«ለጊዜው ጭቃ ማውጣት ክልክል ነው ይላል።»

«ለጊዜው እስከ መቼ ነው፣ ኢንታላ ኮ?»

ኢንታላ ኮ፣ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ልጄ ሲሉኝ መዋሸት አቃተኝ።

«አንቱ አይደርሱበትም፣ አባቴ።»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እሱን ተይው። ልጄስ?»

«አይደርስበትም።»

«የልጄ ልጅስ?»

«አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ያለም አይመስለኝም። ለጊዜው የተባለው ውሸት ነው።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«አንቺ መቼ ነው ሥራ የምታቆሚው?» አሉ።

«ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«አንቺ ትሄጃለሽ። አለቃሽ ይቀየራል። የሰሌዳውን እንጨት ምስጥ ይበላዋል። እኛ ነን የምንቀረው።» በበትራቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ። «እንዲህ ብለሽ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ረጅም ጊዜ መሆኑን ካወቅን እኮ መጠበቅ እናውቃለን።»

ነገሩን ወደ ኤላው ጉባኤ ወሰዱት። ውሎው ረዘመ፣ የተናገረ ተናገረ፣ በመጨረሻ ከኤላው ሕግ ጋር አንድ ላይ አደረጉት፦ የጭቃው ጉድጓድ ዙሪያውን በእሾህ ይታጠራል፤ ቦና ሲገባ ከብቱን ሊያጠጣ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ያን አጥር ያድሳል። ሳያድስ የመጣ ተራ የለውም። ጉባኤው ሲያበቃ አባ ጃርሶ ወደ እኔ መጥተው እጄን ያዙ፤ ይቅርታ እንድጠይቃቸው አልፈቀዱልኝም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ባለፈው ቦና ዱብሉቅ ሄድኩ። አባ ጃርሶ አርፈዋል፤ አባ ሄሬጋው ሌላ ሰው ነው። ሰሌዳው የለም። አጥሩ ግን ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል፤ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ተደርቦበት ውስጡ አይታይም። አንድ የማላውቀው ጎልማሳ፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ እዚያ ያገባ ነው፣ ትልቅ የግራር ቅርንጫፍ ይጎትታል። እጁ ደም በደም ሆኗል።

«አካም፣ ናጋ?» አልኩት።

«ናጋ፣ አዴ» ብሎ በአክብሮት መለሰልኝ።

«እዚህ ውስጥ ምን አለ?»

ቆም ብሎ ጉድጓዱን አየ፣ እኔን አየኝ። እንግዳ መሆኔን አወቀ።

«እኔ አላውቅም» አለ። «አጥሩን ያላደሰ ሰው ግን አያጠጣም።»

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ስለ ቦቴው፣ ስለ አረፋው፣ ስለ ጋሽ ኤልያስ። ላሞቹ ከኋላው ቆመው ይጠብቁ ነበር። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና የቅርንጫፉን ሌላ ጫፍ ያዝኩለት።